ፍሬው ለገበያ፣ ገለባው ለዘመድ

ጣሂራ ለፈረንጆች ታዝንላቸው ነበር። ሀብታቸውን ሰምታለች፣ መኪናቸውንም አይታለች፤ ቡናችንን ያን ሁሉ ባሕር አሻግረው ወስደው የሚጠጡት ፍሬውን ብቻ መሆኑን ስታስብ ግን አንጀቷን ይበላት ነበር።

«መራራውን ሰደድንላቸው፣ ጣፋጩን እኛ አስቀረነው» ትላለች ሆጃዋን እየቀዳች። «አቦ፣ አንድ ቀን የነቁብን እንደሆነ ምን ይውጠናል?»

ሆጃ ማለት የቡና ገለባ በወተት ነው። ቀይ ሆኖ የተለቀመው ቡና ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲቀሸር ፍሬው ወደ ጆንያ ይገባል፣ ገለባው ይቀራል። የሐረርጌ ሰው ያን ገለባ ለስለስ ባለ እሳት ያምሰዋል፤ አፍልቶ ወተት ይጨምርበታል፣ ጨው ጣል ያደርግበታል፤ ጠዋትም ማታም እሱኑ ይጠጣል። ፍሬው የገበያ ነው። ከበደሳና ከገለምሶ ገጠር በአህያ ይወጣል፣ በጭነት መኪና ድሬዳዋ ይወርዳል፣ በባቡር ጅቡቲ ይገባና መርከብ ላይ ይጫናል። ጣሂራ ባሕር አይታ አታውቅም። ከአያቷ እንደሰማችው ግን ቡና መጀመሪያ የተሻገረው ወደ ዓረቦች አገር ነው፤ ሌላው ዓለም የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። አያቷ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ልጅ ድራ የላከች እናት ድምፅ ነበር፣ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ስስት።

ያደገችው በደሳ ነው፣ ከእኚሁ አያቷ ጋር፣ ቡና እየለቀመች። ለባል ስትሰጥ ወደ ሚኤሶ ወረደች። ባሏ ጥሩ ሰው ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ የቆላ ወባ ወሰደባት። ሐዘኗን በወጉ ጨረሰችና ወደ ደጋው ተመልሳ አሰበ ተፈሪ ገባች፣ አገሬው ጭሮ የሚላት ከተማ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ተከራይታ ሆጃ ቤት ከፈተች። ሹፌሮች መኪናቸውን አስነስተው እስኪሞቅ ድረስ እሷ ጋ ይቀመጣሉ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይነሡ ነበሩ። ከእነሱ ዋናው ሙሜ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሆጃ ሳይጠጣ የአሰቦትን ቁልቁለት አልወርድም ይላል።

ገለባውን የምታመጣው ከሐምዛ ነበር።

ሐምዛ የስልጤ አገር ሰው ነው። አጎቱ ሐጂ አብዱረዛቅ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያው ዘንድ ሱቅ አላቸው፤ ጭሮ ላይ ደግሞ አንዲት የቡና መቀሸሪያ ማሽን አቁመው እሱን ከአገር ቤት አስመጥተው ሾመውበታል። አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሳያገባ የቆየ፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ በቡና ብናኝ የተሸፈነ፣ ሲያፍር ወደ ማሽኑ ዞሮ ያልተፈታ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ነበር። ጣሂራ ማዳበሪያ ይዛ ስትመጣ ያ ማሽን ብሎን አይበቃውም።

ገለባውን በነፃ ይሰጣታል። ምን እንደምታደርገው ግን አንድም ቀን አልጠየቃትም፤ በልቡ ማገዶ ነው ብሎ ጨርሶታል። በእሱ አገር የቡና ገለባ ይነድዳል፣ ወይም ይደፋል፤ አፍልቶ የሚጠጣው እጅግ የቸገረው ሰው ነው፣ እሱም ጎረቤት እንዳያይበት በሩን ዘግቶ። ሆጃ የሚባለውን ነገር በስኒ ሲዞር አይቷል፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው ብሎ ስላመነ ቀምሶት አያውቅም። ይኸው ነው፤ ነጋዴ የሚሸጠውን እንጂ የሚጥለውን መች ያያል? እናም «ምስኪን፣ እንጨት መግዣ ባይኖራት ነው» እያለ ሆዱ ይባባላት ነበር። ሆዱ በባባ ቁጥር ገለባውን በወንፊት እየነፋ፣ ጠጠሩን እየለቀመ ያቆይላታል።

ጣሂራ ያን የተነፋ ገለባ ስታይ ልቧ ቀለጠ። ይህ ሰው ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው። ሆጃ ላይ ጠጠር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ወንድ ከየት ይገኛል?

ሁለቱ እንዲህ ተሳስተው በደስታ ከረሙ። እሷ ማዳበሪያውን እስክትሞላ ያወራሉ፤ ሐምዛ ወሬ ሲያልቅበት የአጎቱን የሐጅ ጉዞ ይተርክላታል። ሐጂ አብዱረዛቅ ያንን ታሪክ ባገኙት ሸንጎ ሁሉ ስለሚያወሩት ሚኤሶ ውስጥ በቃሉ የማያውቀው ሰው የለም። በወጣትነታቸው በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፣ ከዚያ በመርከብ ተሻገሩ። ባሕሩ አናወጣቸው፣ ትኩሳት ያዛቸው፣ ሁደይዳ ላይ እንደ ጆንያ ተሸክመው አወረዷቸው። አንዲት የየመን አሮጊት ቤቷ አስገብታ፣ ቀላ ያለ፣ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚል፣ ጣፋጭ ትኩስ ነገር እያጠጣች አዳነቻቸው። «ስሙን ነግራኝ ነበር» ይላሉ ሐጂ፣ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ እየተከዙ፤ «ትኩሳቱ ወሰደብኝ።» ከዚያ ወዲህ ሻይ ነው ያላቸው አለ፣ ማር ነው ያላቸው አለ፣ ሁሉንም ቀምሰው አይደለም ብለዋል።

በ1974 ዓ.ም. ከመስከረም ዝናብ በኋላ ሐምዛ ብሎን ማጥበቁን ትቶ ሽማግሌ ላከ።

የጣሂራ ወንድም ዓሊዩ ለዚሁ ጉዳይ ከበደሳ መጣ፤ አዲስ ሽርጥ አገልድሟል፣ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ እንዳይጨማደድበት ይጨነቃል። ሐጂ አብዱረዛቅ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። በእጃቸው በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ቡና ይዘዋል፤ ፍሬው አንድ በአንድ የተለቀመ፣ ለውጭ ገበያ እንኳ እንዲያ ያለ አይላክም። ጣሂራ በሁለት እጇ ተቀብላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችውና ከመጋረጃው በስተጀርባ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

በአያቷ ቤት ሴት ልጅ ሊጠይቁ ለመጡ ሰዎች መልስ በአፍ አይሰጥም ነበር። እምቢ ከሆነ ደረቅ ቡና ተጠጥቶ ይሰነባበታሉ። እሺ ከሆነ፣ ያውም የምር እሺ ከሆነ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ወተት የበዛበት ሆጃ ይቀርብላቸዋል፤ ሳትጠይቁን ዘመድ ሆናችኋል ማለት ነው። ጣሂራ የሐምዛን የተነፋ ገለባ ከቀናት በፊት ጀምራ እየመረጠች ለይታለች። ወተቱን ከአንዲት ላም ብቻ አስመጥታለች። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ሆጃ አፍልታ አታውቅም።

ሐጂ ስኒውን ተቀበሉና ዝቅ ብለው አዩት። ወተቱ ላይ አንዲት የገለባ ቁራጭ ተንሳፋለች።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ ዓሊዩን።

ዓሊዩ ይህን ጥያቄ በደስታ ሲጠብቅ ነበር። «ገለባ ነዋ ሐጂ! የእናንተው ገለባ። ከሐምዛ መቀሸሪያ የወጣ። ወላሂ፣ ለእናንተ ብላ ምርጥ ምርጡን ነው የለየችው።»

ሐጂ ስኒውን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«ፍሬ ይዘን መጣን፣ ገለባ አቀረባችሁልን» አሉ ቀስ ብለው። «መልሱ ገብቶናል። እኔም ወላሂ ሁለተኛ የዚህን ቤት ደፍ አልረግጥም።»

ተነሥተው ወጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ጣሂራ ሁለተኛውን ጀበና ይዛ ከመጋረጃው ስትወጣ ያገኘችው ሦስት ያልተነኩ ስኒዎችን ነው።

«ምን ብያቸው ነው?» አለ ዓሊዩ።

«አንተ ምንም አላልክም» አለችው። «ገለባው ሰበብ ነው። ቤቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ባል የሞተባት መካን ነች አሉ። በቃ።» ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ሐምዛን ትወደው ነበር፤ ምን ያህል እንደምትወደው ያወቀችው እነዚያን ስኒዎች ስታነሣ ነው።

በማግሥቱ ሆጃ ቤቷን ከፈተች፤ ገለባ ፍለጋ ወደ ሐምዛ ግን አልሄደችም። ከገለምሶ በሚመጡ መኪናዎች ታስመጣ ጀመር። ሐምዛ ደግሞ፣ ጣሂራ በሽማግሌ ፊት አዋርዳ እምቢ አለችህ ብለው አጎቱ ነግረውታል። ልቡ ቢሰበርም መንፋቱን አላቆመም። አጎቱ ከጥንት ጀምሮ የተረፈው ገለባ ወንዝ እንዲደፋ አዘዋል፤ እሱ ግን ትመጣ ይሆናል እያለ አላስደፋ አለ። ክምሩ ከፍ አለ፣ አጥሩን አለፈ። ኅዳር ሲገባ ነፋስ ተነሣና ገለባው በሰፈሩ ይበር ጀመር፤ የተሰጣ ልብስ ላይ ዐረፈ፣ በርበሬ ውስጥ ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወጥ ውስጥ የገባ ቀን ጉዳዩ ስብሰባ ላይ ቀረበ፣ ሐጂም ከሚኤሶ መጥተው ንብረታቸውን እንዲያስነሡ ተጠየቁ።

ሐጂ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ረፋድ ላይ፣ ሐምዛ አንድ ማዳበሪያ ገለባ ተሸክሞ ሆጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ውስጡ በሹፌር ሞልቷል። ጣሂራ አይታው እንዳላየች ሆነች።

«ጣሂራ፣ እኔን እምቢ ማለት መብትሽ ነው» አለ ሸክሙን ሳያወርድ። «ግን በእኔ ምክንያት እሳት አጥተሽ እንድትቸገሪ አልፈልግም።»

«የምን እሳት?»

«ማገዶሽን ነዋ። ይኸው አምጥቼልሻለሁ።»

ጣሂራ የጀበናውን ክዳን እንደያዘች ቆመች። «ማገዶ?»

«አዎ፣ የምታነድጂው ገለባ።»

ሙሜ ስኒውን ከአፉ አወረደ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኔ የምጠጣው ምን ይመስልሃል?»

ሐምዛ ወደ ስኒው ተመለከተ። «ቅጠል አይደለም?»

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ጣሂራ ግን መጀመሪያ አልሳቀችም። ያ ሁሉ የተነፋ ገለባ፣ የተለቀመ ጠጠር በፊቷ አለፈ። ይህ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ማገዶ ነበር የሚያበጥርላት። ለምድጃ የሚሆን እንጨት ያጣች ደሃ ናት ብሎ፣ እሳቷ ጠጠር እንዳይገባበት! ያኔ ሳቁ መጣባት፤ ጀበናውን አስቀምጣ፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ቆይ» አለች ሳቋን ስትጨርስ። «እምቢ ማለት መብትሽ ነው አልክ። ማነው እምቢ ያለህ?»

«አንቺ ነሻ። ለሽማግሌዎቼ ገለባ አቀረብሽ።»

«ያ ረቢ! እሺ ማለቴ ነበር እኮ። ከእሺም በላይ ነው። ሳትጠይቁኝ ሰጠኋችሁ።»

የአያቷን ቤት ወግ ስትነግረው ሐምዛ ማዳበሪያውን አወረደና በሩ ላይ እንደቆመ ቅንድቡን ይጠርግ ጀመር፤ እዚያ የሚጠብቅ ብሎን አልነበረም። ሙሜ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት። ጣሂራ ሆጃ ቀዳችለት፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን። ሐምዛ ቀመሰ፣ ስኒውን አየ፣ ጨረሰው፣ ባዶውን መለሰላት፣ ደገመ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«አጎቴስ? ደፍሽን አልረግጥም ብለው ምለዋል። ገለባ ነው ብዬ ብነግራቸው ጨርሶ አይነኩትም። እሳቸው ካልመጡ ደግሞ ማን ሽማግሌ ይሆነኛል?»

ጣሂራ ወደ ምድጃዋ ዞረች። ቤት ውስጥ ወተት አልቆባት ስለነበር ለእሱ ሦስተኛውን በሌላ መንገድ እያፈላች ነው። በደሳ ሳሉ በበጋ ላሟ ስትነጥፍ አያቷ እንደሚያደርጉት፣ ገለባውን በውሃ ብቻ አፈላች፣ ዝንጅብል ቀጥቅጣ ከተተች፣ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ካገኘቻት ስኳር ቆንጥራ ጨመረች። ቀዳችለት። ቀላ ያለ ነበር።

ሐምዛ ስኒውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና እንደዚያው ቀረ።

«ዝንጅብል» አለ።

«አዎ።»

«ቀላ ያለ» አለ። «ጣፋጭ፣ ትኩስ።» ቀና ብሎ አያት። ጣሂራም የሁደይዳን አሮጊት ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ አየችው።

ሐጂ አብዱረዛቅ ጭሮ የደረሱት የቆላውን አቧራ ለብሰው፣ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ በቀበሌው ጥሪ ተቆጥተው ነበር። ወደ መቀሸሪያው ቤት ገብተው ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ፔርሙስና ስኒ ተቀምጧል። ሻይ መስሏቸው ቀዱ። ሐምዛ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ያጠብቃል።

ጣሂራ ጓሮ ሆና በተከፈተው በር ታያቸዋለች። ክምሩ አጠገብ ማዳበሪያ ዘርግታ ወንፊት ይዛለች፤ እጇ ግን አይነፋም። ይህ ነገር ካልሆነ ሌላ መንገድ እንደሌላት ታውቃለች።

ሐጂ አንድ ጊዜ ጠጡ። ስኒውን ዝቅ አድርገው ግድግዳውን ተመለከቱ። ደገሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ያ ተቆጥተው የገቡት ሽማግሌ ቀስ በቀስ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

«ሐምዛ።»

«አቤት አጎቴ።»

«ይህን ማን አፈላው?»

ሐምዛ በመፍቻው ወደ ጓሮ ጠቆመ።

ሐጂ ስኒውን እንደያዙ ወጡ። ጣሂራን ሲያዩ ቆም አሉ፤ አወቋት። ይመለሳሉ ብላ ነበር፣ አልተመለሱም።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

«ከምንድን ነው ያፈላሽው?»

ጣሂራ እጇን ክምሩ ውስጥ አስገብታ አንድ እፍኝ አወጣችና መዳፏን ከፈተችላቸው።

ሐጂ መዳፏን አዩ። ክምሩን አዩ፣ አጥሩን ያለፈውን። ከዚያ ዓይናቸው በአጥሩ ላይ አልፎ ወደ ወንዙ ሄደ።

«ወንዝ ውስጥ» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ወንዝ ውስጥ አስደፋሁት።» የተሞላው ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡ። «ባሕር ተሻግሬ የቀመስኩት ነገር… ካፒቴን አላስቀረሁ፣ ሐኪም አላስቀረሁ፣ ሁሉን ጠየቅኩ። ጓሮዬ ነበር።»

«ያኔ ያቀረብኩልዎትም እሱኑ ነበር ሐጂ» አለች ጣሂራ። «ወተት ጨምሬበት።»

«የሰደብሽን መስሎኝ።»

«እኔም የናቁኝ መስሎኝ።»

ሐጂ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣሂራ ደነገጠች፤ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር። ሳቅ ነው፤ እንባም አለበት፣ ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ቀና ሲሉ ከጢማቸው ላይ ገለባ ለቀመችላቸው፣ እሳቸውም እንደ ሕፃን ዝም ብለው አስለቀሙ። ከዚያ ወዲያ ክምሩን ማስነሣት አላስቸገረም። ጣሂራ የምትችለውን ወሰደች፤ የቀረውን ሐጂ ራሳቸው አስጭነው ወደ ሚኤሶ ይዘውት ወረዱ።

ሐምዛና ጣሂራ በዚያው ዓመት ተጋቡ። ሆጃ ቤቱ ወደ መቀሸሪያው ቤት ተዛወረ፤ ሹፌሮችም ተከትለውት ሄዱ። ልጅ አይኖራትም የተባለችው ጣሂራ ሴት ልጅ ወለደች፣ ስሟን ሰዓዲያ አሉት። ሐጂ የሐጅ ታሪካቸውን ማውራት አልተዉም፤ መጨረሻው ስለተገኘ እንዲያውም ረዘመ። ሁለተኛውን ሽምግልና ሳልናገር ግን ይህን ታሪክ ልጨርሰው አልችልም።

ዓሊዩ ያንኑ ሽርጥ አገልድሞ ከበደሳ ተመልሶ መጣ። ሐጂ ደፉ ጋ ሲደርሱ መሐላቸው ትዝ ቢላቸው፣ «የመሐላዬን ማፍረሻ ጾም ሐምዛ ይጹምልኝ» ብለው ረግጠው ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጣሂራ ወተት የበዛበትን ሆጃ አቀረበች። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ፣ የመጣንበት ጉዳይ…» ብለው በወጉ ሊጀምሩ ሲሉ ሐጂ ስኒያቸውን አንሥተው ነበር።

«እናንተ ጠይቁ» አሉ። «እኔ መልሱን እየጠጣሁ ነው።»

ዓሊዩ ሽርጡን ረስቶ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ልጄ፣ ያኔ ያመጣነው ፍሬ የት ደረሰ?»

«ሳጥን ውስጥ ነው ሐጂ። አስቀምጬዋለሁ።»

«ለማን?»

«ባዕድ ለመጣ ቀን» አለች ጣሂራ።

ሐጂ ባዶ ስኒያቸውን ዘረጉላት፣ እሷም ሞላችላቸው።